በጓሯችን ጨፌ ያየኋት ወፍ ሬን ናት ወይ? ጥያቄዬና የመጡልኝ መልሶች

የመክፈቻ ጽሑፍ

ከእንጦጦ ጀርባ፣ ወደ ሱሉልታ ከሚወስደው አስፋልት ገባ ብሎ በሚገኝ ሰፈር መኖር ከጀመርን ይህ ስድስተኛ ክረምታችን ነው። ከጓሯችን አጥር ቀጥሎ ጨፌ አለ። በክረምት ውኃ ይተኛበታል፤ ቄጠማው እስከ ወገብ ይደርሳል፤ ጥቅምት ሲጠባ ሣሩ ታጭዶ ይከመራል፤ ከዚያ በኋላ እስከ ሰኔ የከብት ነው። ነሐሴ 20 ቀን ማለዳ ዝናቡ ጋብ ሲል የዘመመውን አጥር ላቃና ወጥቼ ሳለ፣ ከእኔ አሥር እርምጃ በማይሞላ ርቀት አንዲት ቡናማ ወፍ ሁለት የቄጠማ አገዳዎችን በሁለት እግሮቿ ለያይታ ጨብጣ፣ ጅራቷን ቀስራ ስትጮኽ አየኋት። ክብደቷ አገዳዎቹን እንኳ አላጎነበሳቸውም፤ ድምፅዋ ግን ጨፌውን ሞልቶት ነበር።

የሁለተኛ ክፍል ተማሪ የሆነው ልጄ የእንግሊዝኛ ማንበቢያ መጽሐፉን አምጥቶ «ሬን» የተባለች ወፍ ሥዕል አሳየኝ፤ ጅራቷ፣ ቀለሟ፣ ትንሽነቷ ሁሉ ያየኋትን ወፍ መሰለኝ። ስለዚህ ያየኋት ሬን ናት ወይ? ሬን ካልሆነችስ ምንድን ናት? ብዬ ጠየቅሁ። ከጥያቄው ጋር አንድ ሐሳብም ጨምሬ ነበር። ትልልቆቹ እንስሳት፣ እነ ዋልያና እነ ቀይ ቀበሮ፣ ሰፊ ቦታ ስለሚፈልጉ ለአደጋ ይጋለጣሉ፤ እንዲህ ያለች ትንሽ ቡናማ ወፍ ግን የትም ቁጥቋጦ ውስጥ ኑሮዋን ስለምትገፋ አያሰጋትም ብዬ ጽፌያለሁ። ይህን ሐሳቤን ዛሬ አልደግመውም፤ ነገር ግን መልሶቹ የተነሡት ከእርሱ ስለሆነ አላጠፋሁትም።

በሦስት ሳምንት ውስጥ 22 መልሶች መጡ። ዘግይተው ለሚደርሱ አንባቢዎች በተራ ቁጥራቸው የየመልሱን ፍሬ ነገር አስፍሬያለሁ፤ ሁሉም እኩል ስላልጠቀመኝ እኩል ቦታ አልሰጠኋቸውም።

መልስ 1። የመጀመሪያው መልስ ሰጪ ከሰላምታ በኋላ ወፍ መከታተል ከጀመሩ ብዙ ዓመት እንደሆናቸው ገልጸው፣ ሬን በኢትዮጵያ እንደማትገኝ በትሕትና ነገሩኝ። እንደ እርሳቸው ገለጻ የሬን ቤተሰብ ከ80 በላይ ዝርያዎች ሲኖሩት፣ ከአንዷ በቀር ሁሉም የአሜሪካ አህጉራት ወፎች ናቸው። ያቺ አንዷ አውሮፓንና እስያን ታዳርሳለች፤ በአፍሪካ ግን የምትገኘው ከሞሮኮ እስከ ሊቢያ ባለው የሰሜን ጠርዝ ብቻ ነው። በልጄ መጽሐፍ የተሳለችውም እርሷ መሆን አለባት አሉ። በመጨረሻ የጀርባዋን ቀለም በደንብ አይቼው እንደሆነ ጠየቁኝ።

መልስ 2። ሥነ ሕይወት የምታጠና ተማሪ የመጀመሪያውን መልስ ደግፋ፣ ወፏ ሲስቲኮላ እንደምትባል፣ በተለይም የኢትዮጵያ ሲስቲኮላ ሳትሆን እንደማትቀር ጻፈች። ይህች ወፍ የኢትዮጵያና የኤርትራ ደጋ ነዋሪ ናት፤ አናቷ ወደ ቀይ የሚያደላ ቡናማ፣ ጀርባዋ ደግሞ በጥቁር ሰንበር የተሰነጠረ ነው። ከሬን ጋር የሚያመሳስላት መልኳና አኗኗሯ እንጂ ዝምድናዋ አይደለም። ተማሪዋ የነገረችኝ አንድ ነገር ደግሞ ከአእምሮዬ አልወጣም፦ ሲስቲኮላ ጎጆዋን ስትሠራ በሕይወት ያለውን ቅጠል ከነግንዱ አጎንብሳ በሸረሪት ድር ትሰፋዋለች፤ ጎጆው የቆመው ባልተቆረጠ ሣር ላይ ስለሆነ ሣሩ ሲያድግ አብሮ ይለመልማል። ለመጥፋት የምታሰጋ አይደለችም ስትል አረጋጋችኝ። ይህን ሳነብ የመክፈቻ ሐሳቤ የተደገፈልኝ መስሎኝ ነበር።

መልስ 3። አንድ አዛውንት ይህ ሁሉ የስም ክርክር እንደማያስፈልግ፣ በትውልድ አገራቸው ከጭብጥ የማትበልጥ ወፍ ሁሉ ድንቢጥ እንደምትባል ጻፉ። በአክብሮት አልተስማማሁም። ስም ያልወጣለት ነገር ሲጠፋ ማን እንደጠፋ የሚናገር አይገኝም፤ በዚህ የጥያቄና መልስ ክር ውስጥ ወደ ኋላ የመጣው ነገርም ይህንኑ ነው ያሳየኝ።

መልስ 4። ይህ ነው ክሩን ያቃናው። ጸሐፊዋ ለሥራ ጉዳይ በኮሎምቢያ ዋና ከተማ በቦጎታ ሁለት ዓመት የኖሩ፣ አሁን ሰበታ አካባቢ የሚኖሩ እናት ናቸው። ተማሪዋን ስለ ትክክለኛነቷ አመስግነው፣ እኔን ግን ትንሽ ወፍ አያሰጋትም ስላልኩት ነገር በእርጋታ አረሙኝ። የሬን ነገር ከተነሣ አይቀር አንዲት ሬን አለች፤ የሱሉልታን ጨፌ ባየሁ ቁጥር ትዝ የምትለኝ እርሷ ናት ብለው የአፖሊናርን ሬን ታሪክ በሰፊው አቀረቡ።

ቦጎታ 2,600 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ፣ በምሥራቃዊው የአንዲስ ሰንሰለት መካከል በተዘረጋ ሜዳ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ማለዳዋ ይበርዳል፣ ከሰዓት በኋላ ዝናብ አይታጣም፤ ከኛው ሱሉልታ ጋር በከፍታም በአየርም የሚቀራረብ አገር ነው። ያ ሜዳ ቀድሞ በሐይቅና በረግረግ የተሞላ ነበር። በረግረጉ ዙሪያ ከሰው ቁመት የሚበልጥ ፊላና ደንገል መሰል ተክል ይበቅላል፤ የአፖሊናር ሬን የምትኖረውም በዚያ ጥቅጥቅ ያለ ፊላ ውስጥ ነው። በዓለም ላይ ከኮሎምቢያ ውጪ የትም የለችም፤ በኮሎምቢያም ቢሆን በቦጎታ ዙሪያ ባሉት ረግረጎች፣ ከዚያ ወደ ሰሜን እስከ ፉኬኔና ቶታ ሐይቆች፣ ከከተማዋ በስተ ደቡብ ደግሞ ፓራሞ በሚሉት ውርጭማ ከፍታ ላይ ባሉ እርጥብ ቦታዎች ብቻ ትገኛለች። ለሳይንስ ያስተዋወቃት አሜሪካዊው የወፍ ተመራማሪ ፍራንክ ቻፕማን እ.ኤ.አ. በ1914 ሲሆን፣ ስሟን ያወጣላት በቦጎታ በመምህርነት ይኖሩ በነበሩትና የተፈጥሮ ናሙና ይሰበስቡ በነበሩት ገዳማዊ በወንድም አፖሊናር ማሪያ ነው። ዛሬ የዝርያዎች የመጥፋት አደጋ በሚመዘገብበት ዓለም አቀፍ ቀይ መዝገብ ለመጥፋት አደጋ ከተጋለጡት ዝርያዎች ጋር ትቆጠራለች።

እኚህ እናት ወፏን ያዩበትን ማለዳ የገለጹበትን መንገድ ባላቀርበው ቅር ይለኛል። ረግረጉን ከመኖሪያ ሕንፃዎች የሚለየው የአፈር ግድብ ላይ ቆመው ነበር። ከጀርባቸው የአውቶቡስ ጥሩምባ፣ ከፊታቸው ጭጋግ ያለበሰው ፊላ ነበር። መጀመሪያ የሰሙት ድምፅዋን ነው፤ በዛገ ማጠፊያ ላይ ያለ በር ደጋግሞ ሲከፈት የሚሰማ ዓይነት፣ ፈጣንና ጎርናና ድምፅ ነበር። ከዚያ ቡናማዋ ወፍ ፊላውን እየቧጠጠች ወደ ላይ ወጣች፤ ሁለት አገዳ በሁለት እግሯ ይዛ ቆመች። እኔ በጓሯዬ ያየሁትን ያንኑ አቋቋም ነው የጻፉት። የእኔን የመክፈቻ ጽሑፍ ሲያነብቡ ሰውነታቸው እንደተንቀጠቀጠ ነገሩኝ።

መልስ 5። አንድ ጠያቂ ፊላው ሲነቀል ወፏ ለምን ወደ ሌላ ቦታ እንደማትበር፣ ክንፍ እያላት እንዴት አንድ ሠፈር ውስጥ እንደምትታሰር ጠየቀ። ቀላል ቢመስልም የክሩ ምርጥ ጥያቄ ነው እላለሁ።

መልስ 6። የመልስ 4 ጸሐፊ ተመልሰው እንዲህ አስረዱ። የአፖሊናር ሬን ክንፏ አጭርና ክብ ነው፤ ከአገዳ ወደ አገዳ ለመዝለል እንጂ ከተማ አቋርጦ ለመሄድ አይመችም። ምግቧ በፊላው ውስጥ ያለ ነፍሳት ነው፤ ጎጆዋን የምትሠራው እዚያው ነው፤ የምትሸሸገውም እዚያው ነው። በሁለት ረግረጎች መካከል አሥር የመኖሪያ ሰፈር ሲገባ፣ ለሰው የአንድ ታክሲ መንገድ የሆነው ለእርሷ እንደ ባሕር ይሆንባታል። ስለዚህ ሜዳው ለከብት ግጦሽ ሲጠነፈፍ፣ ለቤት ሥራ በአፈር ሲደለደል፣ የቀረውም ውኃ በፍሳሽ ሲመረዝ፣ ወፏ አልተሰደደችም፤ ባለችበት አለቀች እንጂ። በዚያ ላይ ሌላ መከራ አለ፦ አንዲት የምታብረቀርቅ ጥቁር ወፍ የራሷን ጎጆ ሳትሠራ እንቁላሏን በሬኗ ጎጆ ትጥላለች፤ ሬኗም የባዕዱን ጫጩት ስታሳድግ የራሷ ልጆች በረሃብ ያልቃሉ። ይህች ጥቁር ወፍ የምትወደው ከብት የዋለበትን ክፍት መስክ ነው፤ ረግረጉ እየጠበበ ግጦሹ እየሰፋ ሲሄድ የሬኗ ጎጆ ሁሉ ለእርሷ ቅርብ ሆነላት።

መልስ 7። የለገጣፎ ነዋሪ የሆኑ አባት፣ ይህ የባዕድ ጫጩት ጉዳይ በእኛም አገር እንዳለ፣ በግቢያቸው ዛፍ ላይ በተንጠለጠለው የሸማኔ ወፍ ጎጆ አንዲት አረንጓዴ የምታብለጨልጭ ኩኩ ስትገባ ማየታቸውን፣ ወደ ማር የምትመራዋ ወፍም ጎጆ የሌላት እንደሆነች ጻፉ። ትክክል ናቸው።

መልስ 8 እና 9 የክሩ ድምፅ የተቀየረባቸው ናቸው። ስምንተኛው ጸሐፊ የወፎች መጥፋት ሁሉ ጥፋቱ የድመት ነው ብሎ፣ በኒው ዚላንድ የአንድ የመብራት ማማ ጠባቂ ድመት የሬን ዝርያን ብቻዋን ጨርሳ አጥፍታለች አለ። ዘጠነኛው ተነሥቶ ይህ ወሬ ከስሩ የተጣመመ መሆኑን፣ የስቲቨንስ ደሴቷ ወፍ በስም እንጂ በዘር ሬን እንዳልነበረች፣ እ.ኤ.አ. በ1894 ታውቃ ወዲያው ከደሴቷ ብትጠፋም ያጠፋቻት አንዲት ድመት ሳትሆን በደሴቷ የተራቡት የዱር ድመቶች እንደነበሩ ጠንከር ባለ ቃል አረመ። እርማቱ ትክክል ነበር፤ ነገር ግን ስምንተኛውን «ያልተማረ» ማለቱ አስፈላጊ አልነበረም። ዘጠነኛው ለማስታረቅ ያህል ይመስለኛል፣ የድመትና የአይጥ ነገር ውሸት ነው ማለቱ እንዳልሆነ አስረዳ፦ በፎክላንድ ደሴቶች ያለችው የኮብ ሬን፣ እርሷ እውነተኛ ሬን ናት፣ አይጥና ድመት በገቡባቸው ደሴቶች አልተረፈችም፤ ያልገቡባቸው ትንንሽ ደሴቶች ላይ ግን በረጃጅሙ ሣር መካከል በሰላም ትኖራለች።

መልስ 10። ሆለታ የኖሩ ጡረተኛ መምህር ረጅም ጽሑፍ አቀረቡ፤ እኔም እንደ መልስ 4 ሁሉ ደግሜ ደጋግሜ አነበብኩት። የሚያዝኑት ስለ ቦጎታ ስናወራ የራሳችንን ባለመጥቀሳችን ነበር። በጨፌያችን ከሲስቲኮላ ሌላ በእንግሊዝኛ ዋይት ዊንግድ ፍላፍቴይል፣ በሳይንሳዊ ስሟ ሳሮትሩራ አይሬሲ የምትባል ወፍ እንዳለች፣ ይህችም በቀይ መዝገቡ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ በመጨረሻው የአደጋ እርከን ላይ እንደተመዘገበች፣ ለመራባት የደረሱት በመላው ዓለም ከ250 በታች ናቸው ተብሎ እንደሚገመት አስረዱ። የሚታወቁት መገኛዎቿ በዋናነት ሁለት አገሮች፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ ናቸው። የሱሉልታ ሜዳ ከቀድሞ ጀምሮ ከመገኛዎቿ ይቆጠራል። ከአዲስ ዓለም አቅራቢያ ያለው የበርጋ ጨፌ እ.ኤ.አ. በ1997 መራቢያዋ እንደሆነ ታወቀ፤ በደቡብ አፍሪካም እንደምትራባ የተረጋገጠው ገና እ.ኤ.አ. በ2018 ነው።

መምህሩ ወፏን በሕይወት ዘመናቸው ያዩዋት ሦስት ጊዜ ብቻ ነው፤ ሦስቱም ተደምረው አንድ ደቂቃ አይሞሉም። ወፏ በእግሯ በሣሩ ሥር እንደ አይጥ ትሹለከለካለች እንጂ አትበርም። ሰው ሊረግጣት ሲደርስ ብቻ ድንገት ትነሣለች፤ በክንፏ ላይ ያለው ነጭ እንደ ተከፈተ ደብዳቤ ብልጭ ይልና ጥቂት ሜትር ርቃ ተመልሳ ሣሩ ውስጥ ትወድቃለች። የምትመጣው ክረምት ሲገባ ነው፤ ከሐምሌ እስከ መስከረም፣ ውኃው ቁርጭምጭሚት በሚደርስበትና ሣሩ በሚረዝምበት ወቅት እንቁላሏን ጥላ ጫጩቶቿን ታሳድጋለች። በበርጋ የአካባቢው ነዋሪዎች ከኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ጋር ሆነው ጨፌውን በመራቢያ ወቅት ከከብት ለመጠበቅ እንደተደራጁ፣ ከደቡብ አፍሪካ በመጣ ድጋፍም እዚያ ትምህርት ቤት እንደተሠራ ገለጹ። ከዚያ አንድ ነገር ጠየቁን፦ ለእንቁጣጣሽ ቤታችን የምንጎዘጉዘው ቄጠማ መቼና ከየት እንደሚታጨድ አስበን እናውቃለን ወይ? ጳጉሜን ማለት ለዚህች ወፍ ጫጩቶቿ ገና መብረር ያልቻሉበት ጊዜ ነው።

መልስ 11። የቀጣዩ መልስ ጸሐፊ በዚህ ጥያቄ ተከፍተዋል። እናታቸው ቄጠማ እያጨዱ፣ በጀርባቸው ተሸክመው እንጦጦን ተሻግረው ሽሮ ሜዳ እየሸጡ እንዳሳደጓቸው ጻፉ። የእናታቸው እጅ በቄጠማ ጠርዝ እንደተቆራረጠ፣ ማታ ማታ ቁስሉን በቅቤ ያሹላቸው እንደነበር፣ ለበዓል የሚያጭዱትም ጠርዝ ጠርዙን እንጂ መሐሉን እንዳልሆነ፣ መሐሉ ውኃ ስለሆነ ማንም ሴት እንደማትገባበት አስረዱ። ከዚያ በጥያቄ ደመደሙ፦ በአንድ ማጭድ የሚታጨድና በሚቀጥለው ክረምት ተመልሶ የሚበቅል ሣር ነው ወይስ አፈር የተደፋበትና ዳግመኛ የማይበቅለው ወፏን የሚያጠፋት? ለዚህ መልስ ትልቅ ክብር አለኝ። መምህሩም በመልስ 12 ማንንም ለመውቀስ እንዳልጻፉ ገልጸው፣ ጠርዝ ጠርዙን የሚለውን ቁም ነገር እንደማያውቁ ተቀብለው ይቅርታ ጠየቁ።

መልስ 13 እና 14። በዚህ መሐል አንድ ሰው የችግሩ ሁሉ ምንጭ የአበባ እርሻ ነው፤ የቦጎታ ሜዳም የተበላው በአበባ ነው፤ እኛም ያንኑ እየደገምን ነው ሲል ጻፈ። ኮሎምቢያ በአበባ ንግድ ከኔዘርላንድስ ቀጥሎ ያለች፣ ኢትዮጵያም በአፍሪካ ከኬንያ ቀጥሎ ያለች አገር መሆኗ፣ ሁለቱም የሚተክሉት በዋና ከተማቸው ዙሪያ ባለ ደጋ ላይ መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን ጸሐፊው በአበባ እርሻ የሚሠሩትን ሴቶች ሁሉ የጥፋት ተባባሪ አድርጎ ጻፈ። አሥራ አራተኛው መልስ ሰጪ፣ እህቱ በአበባ እርሻ ደመወዝ ሦስት ልጆች የምታስተምርለት ሰው፣ እስከዚያ ድረስ በክሩ ሁሉ የተጠበቀውን «እርስዎ» ትቶ በ«አንተ» መጻፍ ጀመረ። የተጻፈውን እዚህ አልመልሰውም።

መልስ 15 የእኔ ነው። ሁለቱም ወደ «እርስዎ» እንዲመለሱ ለመንኩ፤ ተመለሱም። የራሴን አስተያየትም ጨመርኩ፦ እርሻ የሚሠራ ሰው ከእርሻው የሚወጣው ውኃ ወዴት እንደሚሄድ ቢጠየቅ ስድብ አይደለም፤ የልጆቹን እንጀራ የሚያገኝበትን ሥራ ወንጀል ማለት ግን ስድብ ነው።

መልስ 16። እዚህ ላይ ጨዋታው ወደ ቃል ትርጉም ሄደ። አንድ ጸሐፊ ጨፌ የሚለው ቃል በኦሮምኛ ሁልጊዜም እርጥብና ለምለም የሆነውን መስክ እንደሚጠራ፣ በገዳ ሥርዓት ሸንጎ የሚቀመጠው እንዲህ ባለ መስክ ላይ ስለነበር የክልሉ ምክር ቤትም ጨፌ ኦሮሚያ እንደተባለ አስረዳ። ከርዕሱ የወጣ ቢመስልም ደስ ብሎኝ አንብቤዋለሁ። ሕግ የሚወጣበትን ቦታ በስሙ የሰየመ ሕዝብ ያን መስክ ባዶ መሬት ብሎ እንደማያውቅ ይህ ይመሰክራል።

መልስ 17። ይህ የጎረቤቴ ነው፤ ስሙን ባይጽፍም ከሚገልጸው አጥር አውቄዋለሁ። ከሰኔ ጀምሮ በሌሊት የሚመጡ ገልባጭ መኪናዎች ከግንባታ የተቆፈረ ቀይ አፈርና የተሰባበረ ብሎኬት በጨፌው ጫፍ እንደሚደፉ፣ ሁለት ጊዜ ለሚመለከተው ቢሮ እንዳመለከተ፣ የመጀመሪያው ማመልከቻ እንደጠፋ፣ ሁለተኛው ደግሞ መሬቱ ጥቅም የማይሰጥ ረግረግ ነው ተብሎ እንደተመለሰለት ጻፈ። ምሬቱን በትክክል እረዳለሁ፤ ያን ክምር እኔም ከመኝታ ቤቴ መስኮት አየዋለሁ።

መልስ 18። የመልስ 4 እናት ጎረቤቴን ለማበርታት ወደ ቦጎታ መለሱን። በከተማዋ ሰሜን ምዕራብ፣ ሱባ በሚባለው ክፍል፣ ላ ኮኔሔራ የሚባል ረግረግ አለ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በዚህ ረግረግ ላይ ፍርስራሽ ይደፋበት ነበር። የሰፈሩ ነዋሪዎች ተደራጅተው መድፋቱን አስቆሙ፤ አገር በቀል ዛፎችን ዙሪያውን ተከሉ፤ የሬኗን ፊላም አስመለሱ። እ.ኤ.አ. በ2018 ላ ኮኔሔራን ጨምሮ በቦጎታ ከተማ ውስጥ ያሉ 11 ረግረጎች ረግረጎችን ለመጠበቅ በተደረገው በራምሳር ስምምነት ዓለም አቀፍ ጠቀሜታ ያላቸው ረግረጎች ተብለው ተመዘገቡ። ሆኖም እናታችን ነገሩን አላሳመሩትም። የኮሎምቢያው የውኃ ወፍ፣ በቶታ ሐይቅ ይኖር የነበረው ግሬብ፣ ለመጨረሻ ጊዜ የታየው እ.ኤ.አ. በ1977 ነው፤ ሐይቁ ዛሬም አለ፣ እርሱ ግን የለም። ሬኗም ቀድሞ ትሰማባቸው ከነበሩት የቦጎታ ረግረጎች ከብዙዎቹ ጠፍታለች። ረግረጉን ከደፉበት በኋላ ማዳን እንደሚቻል ቢታይም፣ ወፏ ካለቀች በኋላ የዳነ ረግረግ ውኃ ብቻ እንደሆነ ጻፉ።

መልስ 19 እና 20 ስለ መነጽርና ስለ ካሜራ ዋጋ ነበሩ። ጠያቂው መልሱን ስላገኘ አልፈዋለሁ።

መልስ 21። ቄጠማ ሻጭ እናት ያሳደጓቸው የመልስ 11 ጸሐፊ፣ ከእናታቸው ጋር ተነጋግረው ተመለሱ። እናታቸው ነጭ ክንፍ ያላትን ወፍ ያውቋታል። በልጅነታቸው በሱሉልታ ሲያጭዱ ከማጭዳቸው ሥር ብድግ ስትል ይደነግጡ እንደነበር፣ ከተነሣችበት ቦታ ጫጩት አይጠፋምና የዚያን ዙሪያ ሳያጭዱ ይተዉት እንደነበር፣ ይህንንም ከእናታቸው እንደተማሩት ነግረዋቸዋል። ካለፉት ብዙ ክረምቶች ወዲህ ግን አላዩዋትም። መምህሩ ይህን አንብበው ቄጠማ ሻጯን እናት በአካል አግኝተው ለመጠየቅ ፈቃድ ለመኑ፤ ፈቃዱም ተሰጣቸው። ለእኔ ከክሩ ሁሉ የከበደው ይህ ነው።

መልስ 22። የሥነ ሕይወት ተማሪዋ ተመልሳ፣ መጀመሪያ የጠየቅሁት ጥያቄ ገና በማስረጃ እንዳልተመለሰ አስታወሰችኝ። አናቷን፣ ጀርባዋንና ጎጆዋን ሳላይ ሲስቲኮላ ናት ብዬ እንዳልዘጋው፣ ጎጆ ካገኘሁ ደግሞ እንዳልነካውና ከሩቅ እንድመለከት መከረችኝ።

መስከረም 9 ቀን ማለዳ ከልጄ ጋር ወጣን። ለበዓሉ ከጠርዙ ብዙ ቄጠማ ታጭዷል፤ ከአጥራችን ፊት ለፊት ያለው ግን ውኃ ስለቆመበት አልተነካም። ወፏን ለማግኘት ግማሽ ሰዓት ፈጀብን። ያገኘናት በድምፅዋ ነው። በተውሶ መነጽር ሳያት አናቷ የሸክላ ቀለም ነበረው፤ ጀርባዋ ላይ ጥቁሮቹ ሰንበሮች አንድ በአንድ ይቆጠሩ ነበር። አፏ ውስጥ አረንጓዴ አባጨጓሬ ይዛ አንዴ ግራ አንዴ ቀኝ አየችና ወደ ቄጠማው ሥር ወረደች፤ ስትወጣ አፏ ባዶ ነበር። ልጄ ተንበርክኮ ጎጆውን ከእኔ ቀድሞ አየው፦ እንደ ብርቱካን ድቡልቡል ያለ፣ በጎኑ ቀዳዳ ያለው፣ አራት ወይም አምስት አረንጓዴ ቅጠሎች በነጭ ድር ተሰፍተው ያለበሱት ጎጆ ነው። ቅጠሎቹ አልጠወለጉም። በመጽሐፉ ያለችው ሬን እንዳልሆነች ለልጄ ነገርኩት፤ እንግዲያው በአማርኛ ማን እንበላት ብሎ ጠየቀኝ፤ ስም ያላችሁ እዚሁ ክር ላይ ብትጽፉልን ደስ ይለናል።

ስንመለስ ከጎጆው እስከ ቀዩ አፈር ክምር ያለውን በእርምጃ ለካሁት፤ 64 ነው። ጎረቤቴ በየሳምንቱ እሑድ አብረን እንድንለካና ቁጥሩን ከፎቶግራፍ ጋር ለሦስተኛው ማመልከቻ እንድናያይዘው ሐሳብ አቅርቧል፤ ተስማምቻለሁ። የዛሬው እሑድ ልኬት 61 ሆኗል።